«እኔ አልሠራሁትም፣ ሼር ነው ያደረግኩት»፦ ለሥርዓተ ትምህርት ክፍሉ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የመድረሳዎቻችን ሥርዓተ ትምህርት ክፍል ኃላፊዎችና የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጆች፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆችን የምናስተምር መምህራንን ወክዬ ነው። መጀመሪያ በውስጥ ጽፈን ነበር። ሁለት ጊዜ። መልስ ስላጣን ነው በአደባባይ የመጣነው። ስለዚህ «ለምን መጀመሪያ ለእኛ አልነገራችሁንም?» የሚለውን ጥያቄ ከወዲሁ ብንዘለው ደስ ይለናል።

ነገሩ ወዲህ ነው። በዚህ የትምህርት ዓመት መጀመሪያ የሁለት ገጽ መመሪያ ላካችሁልን። በሳምንት አንድ ጊዜ የነበረን የ40 ደቂቃ የውይይት ክፍለ ጊዜ ተሰረዘ። «ሃይማኖታዊ መቻቻል» የሚለው ምዕራፍ ከእንግዲህ በተቀረጸ ቪዲዮ እንዲሰጥ ተባለ፤ ልጆቹ አይተው ሲጨርሱ 10 የምርጫ ጥያቄ ይመልሳሉ። በመጨረሻም መምህራን ከማኅበራዊ ሚዲያ የመጣ ሃይማኖት ነክ ነገር በክፍል ውስጥ እንዳናነሳ፣ ተማሪ ካነሳም ቶሎ ወደ ትምህርቱ እንድንመልሰው ታዘዝን።

ከየት እንደመጣ እናውቃለን። ባለፈው ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ የተነሳ ክርክር ወደ ወላጆች ግሩፕ ገባ፣ እዚያ ሄዶ ጭቅጭቅ ሆነ፣ እናንተም ደነገጣችሁ። መደንገጣችሁን አንነቅፍም። ነገር ግን መመሪያው ከመውጣቱ በፊት በየቀኑ ከልጆቹ ጋር የምንውለውን እኛን አንድም ሰው አልጠየቀንም። ብንጠየቅ ኖሮ የሚከተለውን እንናገር ነበር።

በመጀመሪያ ስለነዚያ 10 ጥያቄዎች።

የ12 ዓመት ተማሪ አለኝ። ጎበዝ፣ ፈጣን፣ ትንሽም ቀልደኛ ነው። ሐሙስ ቪዲዮውን አየ፣ ጥያቄውን ሠራ፣ 10 ከ10 አገኘ። ቅዳሜ ጠዋት የሌላ እምነት ተከታዮች ሲጸልዩ የሚያሳይ የ28 ሰከንድ ቪዲዮ በጓደኞቹ ግሩፕ ላይ ለቀቀ። ከጀርባው የእንስሳ ድምፅ ተለጥፎበታል። ግሩፑ ውስጥ የዚያ እምነት ልጆች አሉ። አንደኛው አብሮት ኳስ የሚጫወት የቅርብ ጓደኛው ነው።

ሰኞ ከእናቱ ጋር ሆነን ስልኩን ከፈትነው። ከቪዲዮው ሥር ሦስት የሚስቁ ፊቶች አሉ። ከእነሱ ሥር አንዲት ግራጫ መስመር አለች። ኳስ ጓደኛው ከግሩፑ መውጣቱን የምትናገር። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አልጻፈም። ልጁ ያቺን ግራጫ መስመር እስከዚያች ሰዓት ልብ አላላትም ነበር። ሲያያት ፊቱ ተለዋወጠ። «ለምን ለቀቅከው?» አልኩት። «ኡስታዝ፣ እኔ አልሠራሁትም፣ ሼር ነው ያደረግኩት» አለኝ።

እየዋሸኝ አልነበረም። እሱ ዘንድ መናገርና ማስተላለፍ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የተናገረ ይጠየቃል፤ ያስተላለፈ ግን ፖስታ አድራሽ ነው፣ ደብዳቤው ውስጥ ያለው አይመለከተውም። በቪዲዮአችሁ ውስጥ ይህን የሚነካ አንድ ዓረፍተ ነገር የለም። ከ10ሩ ጥያቄም አንዱ አይነካውም።

የሚገርመው ይኸው ልጅ በሐዲስ ክፍለ ጊዜ ኢስናድ ምን እንደሆነ ተምሯል። እገሌ ከእገሌ ሰማ፣ እገሌም ከእገሌ፣ እያለ እስከ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሚደርሰውን ሰንሰለት ያውቃል። ኢማም ሙስሊም «ሶሒሕ» በተባለው የሐዲስ መጽሐፋቸው መግቢያ ካሰፈሯቸው ሐዲሶች አንዱ የሰማውን ሁሉ ማውራት ብቻውን ሰውን ውሸታም ለመባል እንደሚያበቃው ይናገራል። እዚያው መግቢያ ላይ ሙሐመድ ኢብን ሲሪን ይህ ዕውቀት ሃይማኖት ስለሆነ ሃይማኖታችሁን ከማን እንደምትወስዱ ተመልከቱ ማለታቸው ተጽፏል። ዐብደላህ ኢብኑል ሙባረክም ኢስናድ ባይኖር ኖሮ ማንም የፈለገውን ይናገር ነበር ብለዋል። ሁሉም ከ1,100 ዓመት በፊት አልፈዋል። ፎርዋርድ የምትባለዋን ቁልፍ አላዩአትም። በሽታውን ግን ከእኛ በተሻለ ያውቁት ነበር።

እኛ ግን አናገናኝላቸውም። ኢስናድ የሐዲስ ትምህርት ነው። ስልክ የቤት ጉዳይ ነው። መቻቻል ደግሞ የቪዲዮው ምዕራፍ ነው። ልጁ ሦስቱን በሦስት ኪስ ይዟቸው ይዞራል።

ባለፈው ዓመት በውይይት ክፍለ ጊዜ አንድ ነገር ሞክሬ ነበር። እያንዳንዱ ልጅ የደረሰውን አንድ መልእክት ያመጣል። ሰሌዳው ላይ ሰንሰለቱን እንጽፋለን። ከማን ደረሰህ? ከአጎቴ ልጅ። እሱስ? ከሆነ ግሩፕ። ግሩፑ ላይ ማን ለቀቀው? አላውቅም። ሰውየው ራሱ ያየው ነገር ነው ወይስ ከሰሚ ሰሚ? አላውቅም። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ስም ላይ ስንደርስ ጠመኔው ይቆማል። አንድ ቀን አንዷ ልጅ ሰሌዳውን አየት አደረገችና «ኡስታዝ፣ ይህ ሐዲስ ቢሆን ዶዒፍ (ደካማ) ነበር» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ «ዶዒፍ» የክፍሉ ቀልድ ሆኖ ቀረ። አንዱ ወሬ ይዞ ሲመጣ ሌሎቹ በአንድ ድምፅ «ዶዒፍ!» ይሉታል። እንግዲህ የሰረዛችሁት ክፍለ ጊዜ ይህ ነው።

ወደ ቪዲዮው ይዘት ልምጣ። 9 ደቂቃ ነው። ወደ ሐበሻ የተደረገውን ስደት በአራት ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ የተወሰኑ ሙስሊሞች ተሰደዱ፤ ክርስቲያኑ ንጉሥ ነጃሺ ተቀበላቸው፤ በሰላም ኖሩ፤ ይህ የመቻቻል ምሳሌ ነው። ቀጥሎ ጥያቄ 4፦ ስደቱ የተደረገው መቼ ነው?

እውነቱን ለመናገር በጣም ቅር ያለኝ እዚህ ላይ ነው። በእጃችን ካሉት ታሪኮች ሁሉ ለዚህ ዘመን ልጅ የሚሆነውን ወስዳችሁ ዓመተ ምሕረት አደረጋችሁት።

የሲራ (የነቢዩ የሕይወት ታሪክ) መጻሕፍት የሚተርኩት እንዲህ ነው። ቁረይሾች፣ የመካው ጎሳ፣ ዐምር ኢብኑል ዓስን ከአንድ ባልደረባው ጋር ስጦታ አስይዘው ላኩ። መልእክተኞቹ መጀመሪያ የሄዱት ወደ ንጉሡ ሰዎች ነው። ለእያንዳንዳቸው ስጦታ ሰጡና አንድ ነገር ለመኑ፦ ንጉሡ ስደተኞቹን ሳያናግር አሳልፎ እንዲሰጥ ምከሩልን። ንጉሡ ይህን ሲሰማ ተቆጣ። መጀመሪያ አስጠርቼ ልስማቸው አለ። ከስደተኞቹ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ቆሞ ተናገረ፣ ከመርየም ሱራ ቀራ፣ ንጉሡም አለቀሰ።

አብዛኞቻችን ታሪኩን እዚህ ላይ እንጨርሳለን። የእኔ ተማሪዎች የወደዱት ግን ማግስቱን ነው። ዐምር በነጋታው ተመልሶ መጣ። እነዚህ ሰዎች ስለ ዒሳ (ኢየሱስ) ከባድ ነገር ይናገራሉ፣ ባሪያ ነው ይሉታል አለ። ልብ በሉ፣ ነገሩ ውሸት አልነበረም። የተቆረጠ ነበር። ሙስሊሞች ዒሳን የአላህ ባሪያ ይሉታል። መልእክተኛውም ይሉታል፤ ወደ መርየም የጣላት ቃሉ፣ ከእርሱም የሆነ መንፈስ ይሉታል። ዐምር ንጉሡን የሚያናድደውን ግማሽ መርጦ አመጣ። ንጉሡ ግን እንደገና አስጠራቸው። እንደገና ጠየቃቸው። ሙሉውን ሰማ። ስደተኞቹም በአገሩ ቀሩ።

ልጆቹ ይህን በትወና ሠሩት። ዐምር የሆነው ልጅ በማግስቱ ወደ ንጉሡ ሲገባ ከኋላ ወንበር አንዱ «ስክሪንሾት ይዞ መጣ!» ብሎ ጮኸ። ስንት ዓመት ሳስተምረው ያን ቃል አላገኘሁትም ነበር። ልጁ ግን በአንድ ቃል ጨረሰው። ሌላም የታዘብኩት ነገር አለ። ንጉሡን የተጫወተው ልጅ ትክክለኛው ፍርድ ከእኛ ወገን ካልሆነ ሰው እንደመጣ ሲገባው ዝም ብሎ ትንሽ ቆመ። ያን ዝምታ በሀ፣ ለ፣ ሐ እንዴት ልትለኩት ነው?

አንድ ነገር በጎን ላንሳ። «መቻቻል» የሚለው ቃል ራሱ ለልጆች ጎርባጭ ነው። ራስ ምታትን እንችላለን፤ ጩኸትን እንችላለን። አንዷ ተማሪ «ጓደኛዬን እኮ አልቻልኳትም፣ እወዳታለሁ» ብላኛለች። በዐረብኛ የምንጠቀምበት «ተሳሙሕ» ከቸርነትና ከገርነት ጋር በአንድ ሥር ነው የተያያዘው። ቃሉን ቀይሩ እያልኩ አይደለም፤ ሁሉም ለምዶታል። ግን ምዕራፉን ስትከፍቱ ቢያንስ አንድ አንቀጽ ስጡት።

ወደ ሌላው ቅሬታችን። መመሪያችሁ ልጆቻችንን የሚያያቸው ሌላውን ሊሰድቡ የሚችሉ አድርጎ ብቻ ነው። እነሱም እኮ ይሰደባሉ።

አንዲት የ11 ዓመት ተማሪ ሒጃብ በለበሱ ልጆች ላይ ሙድ የሚይዝ ቪዲዮ ደረሳት። ቪዲዮውን አይታ ብትተወው መልካም ነበር። እሷ ግን ኮሜንቱን አነበበች። ቁጭ ብላ፣ አንድ በአንድ፣ እስኪያልቅ። በነጋታው በተጅዊድ (የቁርአን አነባበብ ሥርዓት) ትምህርት መሐል እጇን አወጣችና «ኡስታዛ፣ ለምንድነው የሚጠሉን?» አለች። ባልደረባችን በመመሪያው መሠረት ወደ ተጅዊዱ መመለስ ነበረባት። አልተመለሰችም። 15 ደቂቃ ያህል አናገረቻቸው። በሳምንቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ማስጠንቀቂያው ላይ የሰፈረው ጥፋት «ከትምህርቱ መውጣት» የሚል ነው። የትኛው ትምህርት እንደሆነ እኛም መጠየቅ እንፈልጋለን።

ልጆቹ ከሚያዩት ነገር ልንሸሽጋቸው አንችልም። እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 2019 በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ከተማ በሁለት መስጊዶች በተፈጸመው ግድያ 51 ሰዎች ሞቱ። ገዳዩ ድርጊቱን በፌስቡክ በቀጥታ አስተላለፈው። ኩባንያው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ብቻ 1.5 ሚሊዮን ቅጂ እንዳነሳ ተናገረ። እኛ ክፍል የተቀመጡት ልጆች ያደጉት ከዚያ ወዲህ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ስልኩ ላይ የመጣበት ልጅ የሚጠይቀው ሰው ይፈልጋል። እኛ ዝም ካልነው ኮሜንቱ ይመልስለታል። ኮሜንቱ ደግሞ ማስጠንቀቂያ አይጻፍበትም።

ያቺ ልጅ በመጨረሻ «እኔም ልሰድባቸው ነበር፣ ጽፌ አጠፋሁት» ብላ ተናገረች። ባልደረባችን ከአል-አንዓም ሱራ አንቀጽ 108ን አነበበችላቸው። ከአላህ ሌላ የሚጠሯቸውን አትሳደቡ፤ እነሱም ያለ ዕውቀት ወሰን አልፈው አላህን ይሰድባሉና የሚለውን። የኮሜንት ጦርነት እንዴት እንደሚጀመር ከዚህ ያጠረ ማብራሪያ እስካሁን አላጋጠመኝም። ማስጠንቀቂያው የተጻፈው ለዚህ ነው።

ሌላ ልጅ ልጨምር። 10 ዓመቱ ነው። እናቱ ቤተሰብ ውስጥ እሷ ብቻ ናት ሙስሊም፤ የእሱ አያት የሌላ እምነት ተከታይ ናቸው። አንድ ቀን አያቴ ጋ አልሄድም ብሎ ድርቅ አለ። እናቱ ግራ ገብቷት መጣች። ለካ የ40 ሰከንድ ቪዲዮ አይቷል። የሚያስፈራ ዜማ ከሥር እየሄደ አንድ ሰው ሙስሊም ካልሆነ ሰው ጋር መወዳጀትም መዛመድም አይቻልም ይላል። ልጁ ሦስት ሌሊት በደንብ አልተኛም።

የአቡበክር ልጅ የአስማእን ታሪክ ነገርኩት። እናቷ ገና ሙሽሪክ (ጣዖት አምላኪ) ሳሉ ሊጠይቋት መጡ። ልቀበላቸው ወይ ብላ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቀች። አዎ፣ እናትሽን ዘይሪ፣ ዝምድናሽን ቀጥይ አሏት። ኢማም ቡኻሪም ኢማም ሙስሊምም የዘገቡት ነው። አል-ሙምተሒና ሱራ አንቀጽ 8ም በሃይማኖታችሁ ላልተዋጓችሁና ከአገራችሁ ላላስወጧችሁ መልካም ከመዋልና በፍትሕ ከማየት አላህ አይከለክላችሁም ይላል። ልጁ ሰምቶ ሲያበቃ «ታዲያ ሰውየው ለምን እንደዛ አለ?» አለኝ። ሰውየውን አላውቀውም፤ ምናልባት የሁለት ሰዓት ትምህርት ሰጥቶ አንተ ጋ የደረሰው 40 ሰከንዱ ብቻ ይሆናል፣ ምናልባትም ተሳስቷል አልኩት። በዚያው ሳምንት አያቱ ጋ ሄደ።

ይህን ሁሉ ያወራነው ኮሪደር ላይ ነው፣ ቆመን። ክፍል ውስጥ ክልክል ነዋ።

መጽሐፋችሁ ጭራሽ የዘለለው ደግሞ እርስ በርሳችን ያለውን ነው። መቻቻል የሚለው ምዕራፍ ስለ ሌሎች እምነቶች ብቻ ያወራል። የ13 ዓመት ልጆች ግን በግሩፓቸው «ሙብተዲዕ» (በሃይማኖት ላይ አዲስ ነገር ፈጣሪ) እየተባባሉ ነው። ባለፈው ወር አንድ አዲስ ልጅ መጣ። በቤተሰቡ የማሊኪ መዝሀብ (የሕግ ትምህርት ቤት) መሠረት ሲሰግድ እጁን ደረቱ ላይ አያደርግም፣ ወደ ጎን ይለቀዋል። አንዱ ከኋላው ቀርጾት ግሩፕ ላይ ለቀቀው። «ሶላት አያውቅም» ተባለ። ልጁ አሁን መድረሳ መምጣት አይፈልግም። ወንድሙን «ካፊር» ያለ ሰው ቃሉ ከሁለቱ በአንዱ ላይ እንደሚመለስ የሚናገረው ሐዲስ በመጽሐፋችን የለም። አራቱ መዝሀቦች በየት በየት እንደሚለያዩ፣ ሊቃውንቱ ተለያይተውም እንዴት እንደተከባበሩም የለም። ልጁ ልዩነት መኖሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ከተሳዳቢ ነው።

እኔም ጥፋት አለብኝ፤ ይህን ካልተናገርኩ ደብዳቤው ይጎድላል። መጀመሪያ አካባቢ ልጅ ቪዲዮ ይዞ ሲመጣ «ይህን የት አገኘኸው? ማን ተመልከት አለህ?» ብዬ እቆጣ ነበር። ልጆቹ ማየታቸውን አላቆሙም። ለእኔ ማሳየታቸውን ነው ያቆሙት። ያን ለማስተካከል አንድ ዓመት ፈጀብኝ። መመሪያችሁ ወደዚያው እየመለሰን ነው።

ስልክ ይከልከል የሚል ወላጅ አለ፤ እናንተም ወደዚያ የምታዘነብሉ ይመስለናል። በትምህርት ሰዓት ስልክ ባይኖር እኛም አንጠላም። ግን ልጁ ከቀኑ 24 ሰዓት እኛ ጋ ያለው ስንቱን ነው? አብዛኞቹ መተግበሪያዎች ከ13 ዓመት በታች አንፈቅድም ይላሉ። ክፍሌ ውስጥ ያሉት የ10 ዓመት ልጆች ግን ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም አካውንት አላቸው። የተወለዱበትን ዓመት ዋሽተው ነው። አንዱ በአካውንቱ የ37 ዓመት ጎልማሳ ነው። ስቀን ነበር፤ ቆይቶ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። መተግበሪያው እንደ 37 ዓመት ሰው ነው የሚያየው፣ የሚያቀርብለትም እንደዚያው። ደግሞ አንድን ነገር ተናዶም ይየው ወዶ፣ መተግበሪያው የሚቆጥረው ማየቱን ነው። ሁለት የስድብ ቪዲዮ ተናዶ እስከ መጨረሻው ያየ ልጅ ሦስተኛው ይመጣለታል። ይህን ለልጅ ማስረዳት 10 ደቂቃ አይፈጅም። የምናስረዳበት ክፍለ ጊዜ ግን የለንም።

ወላጆችን በተመለከተ አጭር ነው። «ልጄን ሃይማኖቱን ልታላሉበት ነው?» የሚሉን አሉ። ስጋታቸውን አንንቅም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 16 ቀን 1995 ያወጣው የመቻቻል መርሆዎች መግለጫ እንኳ መቻቻል የራስን እምነት መተው ወይም ማላላት ማለት እንዳልሆነ በግልጽ ይላል። ከዓለም አቀፍ ሰነድ በፊት ደግሞ የጃዕፈር ታሪክ አለልን። ንጉሡ ፊት ቆሞ እምነቱን አልሸራረፈም፣ ንጉሡንም አልሰደበም። ይህን ለወላጆች የሚያስረዳ አንድ ገጽ ደብዳቤ ከእናንተ ቢወጣ ስንት ጭቅጭቅ ይቀር ነበር። እስካሁን አልወጣም።

ምናልባት «ሥርዓተ ትምህርት መንካት ከባድ ነው» ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2016 በማራካሽ የተሰበሰቡ የሙስሊም ሊቃውንት የመዲናን ሰነድ (ነቢዩ ከመዲና ነዋሪዎች ጋር የተዋዋሉትን ስምምነት) 1,400ኛ ዓመት አስታከው ባወጡት መግለጫ የሙስሊም ትምህርት ተቋማት ሥርዓተ ትምህርታቸውን በድፍረት እንዲመረምሩ ጠይቀዋል። «በድፍረት» የሚለው ቃል የእነሱ ነው። የእናንተው ቪዲዮ የመዲናን ሰነድ በአንድ ስላይድ ያነሳዋል፤ መግለጫውን ግን አላነሳውም።

አሁን የምንጠይቀውን እንናገር።

ከሁሉ በፊት መምህራን በክፍል እንዳናወራ የሚከለክለው አንቀጽ ይነሳ። ከእሱ ጋር በባልደረባችን ፋይል ውስጥ የገባው ማስጠንቀቂያ ይውጣ። በእነዚህ ሁለቱ ላይ አንደራደርም።

የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ይመለስልን። ቪዲዮውን ጣሉት አንልም፤ ለመክፈቻ ይሆናል። ከ10ሩ ጥያቄ ይልቅ ግን እያንዳንዱ ልጅ የደረሰውን አንድ መልእክት ሰንሰለት ተከትሎ የደረሰበትን በቃሉ ያስረዳ። ለማረም ከምርጫ ጥያቄ ይከብዳል። እኛ እናርማለን።

መጽሐፉ ሲታደስ የነጃሺ ታሪክ ሁለቱም ቀናት ይግቡ። የአስማእ ታሪክ ይግባ። የመዝሀቦች ልዩነትና የልዩነት አደብ ይግባ። አዲስ ምዕራፍ መጻፍ ከከበደ ደግሞ ከአል-ሑጁራት ሱራ ጀምሩ። 18 አንቀጽ ናት፣ ብዙዎቹ ልጆች በቃላቸው ይዘዋታል። ወሬ ሲመጣ አረጋግጡ የሚለው 6ኛው አንቀጽ እዚያ ነው። አንዱ ሕዝብ በሌላው አይሳለቅ፣ በመጥፎ ቅጽል ስም አትጠራሩ የሚለው 11ኛው ነው። አትሰልሉ፣ አትተማሙ የሚለው 12ኛው፣ ትተዋወቁ ዘንድ ጎሳና ነገድ አደረግናችሁ የሚለው 13ኛው ነው። ልጆቹ አሁን የሚፈተኑት በማንበባቸው ብቻ ነው።

ለእኛ ደግሞ ሥልጠና ስጡን። አዳራሽ ውስጥ ንግግር ሰምተን የምንበተንበትን ማለታችን አይደለም፤ ስልክ በእጃችን ይዘን የምንሠራበትን እንጂ። አንድ ቪዲዮ መጀመሪያ የት እንደወጣ እንዴት ይፈለጋል? በሰው ሠራሽ አስተውሎት የአንድን ሼህ ድምፅ አስመስሎ ማናገር እንዴት ይቻላል? ስድብ ያለበት ነገር እንዴት ሪፖርት ይደረጋል? ከእኛ ብዙዎቹ ይህን ከተማሪዎቻቸው ነው የሚጠይቁት። ማፈራችንን ትተን እየነገርናችሁ ነው።

አንድ ልጅ የሚያሳስብ ነገር ሲናገር የምንደውልለት ሰውም ይኑር። አሁን ያለን የዲሲፕሊን ቅጽ ብቻ ነው። የ12 ዓመት ልጅ ለተናገረው ነገር ሁሉ ቅጽ ከሞላንበት ሁለተኛ አይናገርም።

የወላጆቹ ደብዳቤ በዚህ ሴሚስተር ይውጣ። ረቂቁን ጽፈን ልከንላችኋል፤ ሁለተኛው ደብዳቤያችን ላይ ተያይዟል።

በመጨረሻ ልጆቻችን ከሌላ እምነት ልጆች ጋር አንድ ሥራ አብረው የሚሠሩበት ዕድል በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ይመቻች። ችግኝ ይሁን፣ ኳስ ይሁን፣ የሳይንስ ሥራ ይሁን ግድ የለንም። ትልልቆች መድረክ ላይ ተቀምጠው ልጆች የሚያጨበጭቡበትን ስብሰባ ግን እንደ አንድ አትቁጠሩልን።

ኳስ ጓደኛው ከግሩፑ የወጣበት ልጅ ነገር መጨረሻው ምን ሆነ ለምትሉ፣ ይቅርታ ጠይቋል። በግሩፑ ላይ አይደለም፤ ቤቱ ድረስ ሄዶ ነው። አብረው መጫወት ጀምረዋል፤ ጓደኛው ግን ወደ ግሩፑ አልተመለሰም።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን፣ እስከ ሁለተኛው ሴሚስተር መጀመሪያ። እስከዚያው ልጆች ሲጠይቁን እንመልሳለን፣ ክፍል ውስጥ፣ ተቀምጠን። ተደብቀን ከምናደርገው እንድታውቁት ብለን እዚህ ጽፈነዋል።

ወሰላሙ ዐለይኩም፣

የሐዲስና የአደብ መምህር
ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆችን በሚያስተምሩ ባልደረቦቹ ስም